ቀጭኑ ስልክና ከባዱ አደራ

እስቲ ስልካችሁን ከኪሳችሁ አውጡና ጎንና ጀርባውን ዳሰስ ዳሰስ አድርጉት። ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት የተኛ አሮጌ ስልክ ካለም አምጡትና አጠገቡ አስቀምጡት። የአሮጌው ጀርባ በጥፍር ይከፈታል፤ ባትሪው ይወጣል፤ ከባትሪው ሥር ወይም ከጎኑ ሚሞሪ ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። አዲሱ፣ በተለይ ውድ ከሆነ፣ ዙሪያውን የታሸገ ነው። ከሲም ካርድ በቀር ምንም አያስገባም። አንዳንዱማ ሲሙንም ትቶታል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሻጩን ብትጠይቁት መልሱ ይታወቃል፤ እንዲያምር፣ እንዲቀጥን፣ ውኃ እንዳይገባው። አልዋሸም፤ ግን ሁሉንም አልነገራችሁም። ስልኩ ቀዳዳዎቹን የደፈነበት አንዱ ትልቅ ምክንያት፣ ድሮ ሆዱ ውስጥ ይሸከመው የነበረውን ጓዝ ሌላ ሰው ቤት አስቀምጦ መምጣቱ ነው። ያ ሌላ ሰው ቤት "ክላውድ" ይባላል፤ ደመና።

ስሙ ደመና ይሁን እንጂ ከሰማይ ጋር ዝምድና የለውም። መሬት ላይ የተገነባ፣ እንደ መጋዘን የሰፋ አዳራሽ ነው። ውስጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተደርድረው ሌት ተቀን መብራት ይበላሉ፤ ሙቀታቸውን ለማብረድም ሌላ መብራት ይበላል። ፎቷችሁ፣ የስልክ ቁጥራችሁ፣ የምታዳምጡት ዘፈን እዚያ ተቀምጦ በኔትወርክ እየተጠራ ይመጣል።

እኛ አገር ለዚህ ነገር ከደመና የተሻለ ቃል አለ፤ አደራ። ቤት የጠበበው ሰው ሳጥኑን ጎረቤት ያስቀምጣል። ቤቱ ይሰፋለታል፤ እፎይ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ሳጥኑን በፈለገ ቁጥር የጎረቤቱን በር ማንኳኳት አለበት። ጎረቤቱ ቤት ካለ፣ ደግ ከሆነ፣ ቤቱን ሸጦ ካልሄደ ሳጥኑ ይገኛል። የምንይዛቸው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች መልካቸው እንዴት እንደተለወጠ ለማየት ይህን አደራ ከኋላ ጀምሮ መከተል ይበቃል። የዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ያደርጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የጋራ ቧንቧና የግል ጉድጓድ

ኮምፒውተሩን ሩቅ አስቀምጦ በገመድ መጠቀም አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1960ዎቹ ኮምፒውተር ማለት ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋው ከዩኒቨርሲቲና ከትልልቅ ድርጅት በቀር ለማንም የማይቀመስ ማሽን ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰዎች አንዱን ማሽን ጊዜውን እየተካፈሉ የሚጠቀሙበት ዘዴ ተፈጠረ። ተጠቃሚው ፊት የነበረው መጻፊያና ማተሚያ ብቻ ነው፤ የሚያስበው ማሽን ሌላ ክፍል ወይም ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። በ1961 የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ጆን ማካርቲ በኤምአይቲ መቶኛ ዓመት በዓል ላይ ሲናገር፣ ስልክ ለሕዝብ እንደሚቀርብ ሁሉ ኮምፒውተርም አንድ ቀን የሕዝብ አገልግሎት ሊሆን ይችላል አለ። የጋራ ቧንቧ እንደማለት ነው፤ በቀዱት ልክ መክፈል።

ዓለም ግን መጀመሪያ የሄደችው በተቃራኒው ነው። ቺፕ እየረከሰ ሲመጣ በ1977 አፕል ቱ፣ በ1981 ደግሞ የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ገበያ ወጡ። ሁሉም ሰው በየቤቱ የራሱን ጉድጓድ ቆፈረ። ሃርድ ዲስኩ፣ ፕሮግራሙ፣ ፋይሉ ሁሉ ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠው ሳጥን ውስጥ ሆነ። ሳጥኑ ትልቅና አስቀያሚ ቢሆንም የራስ ነበር።

በ1995 የኦራክል አለቃ ላሪ ኤሊሰን ይህን ሳጥን የሚያስቀር ዕቃ ይዤ መጥቻለሁ አለ። "ኔትወርክ ኮምፒውተር" ይባላል፤ ሃርድ ዲስክ የለውም፤ ሁሉን ነገር ከኔትወርክ ይጠራል፤ ዋጋውም 500 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሐሳቡ ዛሬ ሲታይ ትክክል ነበር። ዕቃው ግን ከሸፈ። በዚያ ዘመን በስልክ መስመር በሚሠራ ሞደም አንድ ዘፈን ለማውረድ ዐሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፋይሉን በእንደዚህ ያለ መንገድ እየጠራ የሚሠራ ኮምፒውተር ማን ይታገሠዋል? በዚያ ላይ ሃርድ ዲስክ ያለው ተራው ኮምፒውተር ዋጋው እየወረደ መጣ። ኤሊሰን መንገዱ ሳይጠረግ መኪናውን አመጣ። ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ነገር አለ፤ የዕቃውን ቅርጽ የሚወስነው የሠሪው ብልሃት ብቻ ሳይሆን በመሐል ያለው መንገድም ነው።

ሺህ ዘፈን፣ አንድ ዲስክ

በጃንዋሪ 2001 ስቲቭ ጆብስ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚመጡት ዓመታት እንዴት እንደሚሆኑ ተናገረ። ካሜራው፣ ሙዚቃ ማጫወቻው፣ ቪዲዮ መቅረጫው ሁሉ የሚሰበሰቡበት ማእከል ቤት ያለው ኮምፒውተር ነው አለ። ዕቃዎቹ ልጆች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ እናት። ልጁ ወጥቶ ይውላል፤ ማታ እናቱ ጋ ተመልሶ በኬብል ይጠባል።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አይፖድ ወጣ። 5 ጊጋባይት፣ ሺህ ዘፈን፣ 399 ዶላር። አይፖድን በንድፍ ውበቱ የሚያወድሱት ብዙዎች ናቸው። ውፍረቱንና ስፋቱን ግን ከሁሉ በላይ የወሰነው ውስጡ ያለው የቶሺባ ባለ 1.8 ኢንች ሃርድ ዲስክ ነው። ቶሺባ ያን ትንሽ ዲስክ ባይሠራ ኖሮ አይፖድ ኪስ አይገባም ነበር። ዕቃው የማስታወሻው ልብስ ነበር ማለት ይቻላል፤ ልብሱ በገላው ልክ ተሰፋ። ዘፈኑ በሙሉ እጃችሁ ውስጥ ስለሆነም የአይፖዱ ሠሪ ነገ ቢከስር እንኳ ባትሪው እስካለ ድረስ ይዘፍናል።

"ባትሪውን እንዳታወጡ"

አይፖድ ከወጣ ከዓመት በኋላ፣ በ2002፣ አሜሪካ ውስጥ ሌላ ዓይነት ዕቃ ተሸጠ። ዴንጀር የተባለ ትንሽ ኩባንያ የሠራው፣ ቲ-ሞባይል "ሳይድኪክ" ብሎ የሸጠው ስልክ ነው። ስክሪኑ በአውራ ጣት ሲገፋ ዞሮ ይቆምና ከሥሩ ኪቦርድ ብቅ ይላል። ወጣቶች አበዱለት። ከዴንጀር መሥራቾች አንዱ አንዲ ሩቢን ነው፤ በኋላ አንድሮይድን የመሠረተው።

የሳይድኪክ ዋና ሚስጥር ግን የሚዞረው ስክሪን አልነበረም። የስልክ ቁጥሮቹ፣ ፎቶዎቹ፣ ቀጠሮዎቹ የሚቀመጡት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ስልኩ የሚይዘው መብራት ሲቋረጥበት በሚጠፋ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ያለ ቅጂ ብቻ ነው። ስልኩ ቢጠፋ አዲስ ገዝቶ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት በቂ ነው፤ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። በ2002 ይህ አስማት ነበር።

የአደራው ሌላ ፊት ለመታየት ብዙ አልቆየም። በ2005 የፓሪስ ሂልተን የስልክ ቁጥሮችና ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ ተበተኑ። ሌባው ስልኳን መንካት አላስፈለገውም። ጓዙ ያለው ሌላ ቦታ ስለሆነ የሰበረው የሌላውን ቦታ በር ነው።

ከዚያ ኦክቶበር 2009 መጣ። ዴንጀርን ማይክሮሶፍት ከገዛው ዓመት አልፎታል። ሰርቨሮቹ ተበላሹ፤ የብዙ ደንበኞች መረጃ ጠፋ። ቲ-ሞባይል ለደንበኞቹ የሰጠውን ምክር ዛሬ ስናነበው ይገርመናል፤ ባትሪውን እንዳታወጡ፣ ስልኩ ቻርጅ ጨርሶ እንዳይጠፋባችሁ ተጠንቀቁ። ለምን? ስልኩ ላይ የቀረችው ቅጂ የመጨረሻዋ ልትሆን ስለምትችል። ሰዉ የሞት አፋፍ ላይ ያለ በሽተኛ እንደሚያስታምም ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ ተቀመጠ። ከቀናት በኋላ ማይክሮሶፍት አብዛኛውን መረጃ አዳንኩት አለ። የሳይድኪክ ስም ግን ከዚያ በኋላ አላገገመም።

እኛ ጋ የደረሰው የመጀመሪያው ደመና

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። የዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች ብዙዎቻችን ደመናውን የተዋወቅነው በአይፎን ሳይሆን በኦፔራ ሚኒ ነው፤ ክላውድ መሆኑን ግን ማንም አልነገረንም።

ኦፔራ የኖርዌይ ኩባንያ ነው። ኦፔራ ሚኒን በጃንዋሪ 2006 ለዓለም ሁሉ ከፈተው። የያኔው ተራ ስልክ ጃቫ የሚባሉ ትንንሽ ፕሮግራሞችን ይጭን ነበር እንጂ ትልቅ ድረ ገጽ የመክፈት አቅም አልነበረውም። ኦፔራ ሚኒ ብልሃት ፈጠረ። ገጹን የሚከፍተው ስልኩ ሳይሆን የኩባንያው ሰርቨር ነው። ሰርቨሩ ገጹን ያነባል፣ ፎቶዎቹን ይጨምቃል፣ አስተካክሎ ያጥፈዋል፣ ከዚያ ለስልኩ ይልክለታል። ከገጹ ክብደት እስከ 90 በመቶ ይቀነስ ነበር። የስልኩ ሥራ የደረሰውን ማሳየት ብቻ ነው፤ ሌላ ቤት ተሠርቶ የመጣን ምግብ አሙቆ እንደማቅረብ።

እዚህ ላይ ደመናው በዕቃ ንድፍ ላይ ያደረገው ነገር ከአሜሪካው ይለያል። እዚያ ውዱን ዕቃ አቀጠነ፤ እዚህ ርካሹን ዕቃ ዕድሜ ቀጠለለት። ቁልፍ ያለው፣ ስክሪኑ የክብሪት ሳጥን የሚያህል ስልክ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ወረፋ ሳይዙ ዜና የሚያነብ ሆነ። ካርድ የሞላነውን ብር ቶሎ እንዳይበላብንም ረዳን። አደራነቱ ግን እዚያም አልቀረም፤ ገጹ ሁሉ በኩባንያው ሰርቨር ተከፍቶ ስለሚያልፍ ጨማቂው የምንጨምቀውን ያያል።

መጽሐፉን ማን ወሰደው?

በዚያው 2006 አማዞን ለሌሎች ኩባንያዎች የኮምፒውተር ማከማቻና የስሌት አቅም በኪራይ መስጠት ጀመረ፤ ማከማቻውን በማርች፣ ስሌቱን በኦገስት። የማካርቲ የጋራ ቧንቧ ከ45 ዓመት በኋላ ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ጥቂት ሰዎች ያሉት ጀማሪ ኩባንያ የራሱን አዳራሽ ሳይገነባ ከጀርባው ትልቅ ኮምፒውተር ያለ ዕቃ መንደፍ ቻለ።

አማዞን ራሱ በኖቬምበር 2007 ኪንድልን አወጣ። ኪንድል መጽሐፍ ማንበቢያ ነው፤ 399 ዶላር። ልዩ የነበረው ከኮምፒውተር ጋር መገናኘት አያስፈልገውም። ውስጡ የሞባይል ኔትወርክ መያዣ አለው፤ የኔትወርኩን ሂሳብ የሚከፍለው አማዞን ነው። ገዢው መጽሐፉን ይመርጣል፣ ከደቂቃ በታች ይደርሰዋል። ውስጡ 200 ያህል መጽሐፍ ይይዛል፤ የገዛኸው ሁሉ ደግሞ አማዞን ጋ ተቀምጦልሃል ተባለ። የመጀመሪያው ኪንድል ጀርባው ተከፍቶ ሚሞሪ ካርድ ያስገባ ነበር። በፌብሩዋሪ 2009 የወጣው ሁለተኛው ግን ቀጠነ፤ ካርድ ማስገቢያውም ጠፋ። ምን ያደርግልሃል፣ ሁሉም እኛ ጋ አለ ነው ነገሩ።

አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጁላይ 2009፣ መጽሐፍ የገዙ ሰዎች ኪንድላቸውን ከፍተው መጽሐፋቸውን አጡት። የሸጠው አሳታሚ መብቱ እንዳልነበረው ስለታወቀ አማዞን ከሩቅ ሆኖ ከየሰዉ ዕቃ ላይ ሰርዞት ነበር፤ ገንዘባቸውንም መልሷል። መጽሐፎቹ የጆርጅ ኦርዌል ነበሩ፤ አንደኛው "1984"፤ መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ ቀዳዳ ውስጥ ጥሎ ስለሚያቃጥልበት ዓለም የተጻፈው። እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ ልብ ወለድ ላይ ብናነብ "በዛ" እንል ነበር። አንድ ተማሪ ለትምህርቱ የያዘው ማስታወሻ ከመጽሐፉ ጋር ፋይዳ ስላጣበት ከሰሰ። ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። መጽሐፍ ሻጭ ሌሊት ቤታችሁ ገብቶ መጽሐፍ ወስዶ ብሩን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ ቢሄድ ሌባ ትሉታላችሁ። ኪንድል ላይ ግን በሩ መጀመሪያውኑ የተሠራው ከውጭ እንዲከፈት ነው።

እናትየዋ ልጅ የሆነችበት ዓመት

የለውጡ ዓመት 2011 ነው። በጁን ወር ጆብስ፣ ታሞና ከስቶ፣ መድረክ ላይ ወጣ። ከዐሥር ዓመት በፊት ኮምፒውተሩ ማእከል ነው ያለው ያው ሰው አሁን ኮምፒውተሩን ከማእከልነት አውርደን እንደ ስልኩ አንድ ዕቃ ብቻ እናደርገዋለን፣ ማእከሉን ወደ ደመናው እናዛውራለን አለ። አይክላውድ ይባላል፤ 5 ጊጋባይት በነፃ። አገልግሎቱ በኦክቶበር 12 ተከፈተ፤ ጆብስ በኦክቶበር 5 አርፎ ነበር።

እስከዚያ ድረስ አዲስ አይፎን ከካርቶኑ ሲወጣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ካልተገናኘ ሥራ አይጀምርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ኬብሉ የቻርጀር ብቻ ሆነ። ኮምፒውተር የሌለው ሰው ስልክ ብቻ ይዞ መኖር ቻለ። ይህ ለብዙ የዓለም ሕዝብ ትልቅ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት ጉግል ክሮምቡክ የተባሉትን ላፕቶፖች በሳምሰንግና በኤሰር በኩል ሸጠ። የኤሊሰን ሐሳብ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን መንገዱ ተሠርቷል። ማከማቻው 16 ጊጋባይት ብቻ ነው። ንድፉን ለማየት ኪቦርዱን ማየት በቂ ነው። ትልልቅ ፊደል የሚያደርገው የካፕስ ሎክ ቁልፍ ተነሥቶ በቦታው የፍለጋ ቁልፍ ገባ። ላይኛው ረድፍ ላይ ያሉት ቁልፎች ደግሞ ገጽ ወደኋላ መመለሻና ገጽ ማደሻ ሆኑ። ያ ኪቦርድ የተሠራው ኢንተርኔት ለሚውል ሰው ነው፤ ኢንተርኔት ለሌለው ሰው ግማሽ ቁልፉ ሥራ ፈት ነው።

ነገሩን ጫፍ ያደረሰው ኔክስትቢት የተባለ ጀማሪ ኩባንያ ነው። በ2015 "ሮቢን" የሚባል ስልክ ሊሠራ ከሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ። ውስጡ 32 ጊጋባይት፣ ደመናው ላይ 100 ጊጋባይት። ቦታ ሲጠበው ብዙ ጊዜ ያልነካችሁትን አፕ ራሱ ወደ ደመና ይልከዋል፤ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ ስትነኩት ተመልሶ ይወርዳል። ጀርባው ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች ነበሩት፤ ጓዝ ሲጭን ብልጭ ብልጭ ይላሉ። ቆንጆ ነበር። በጃንዋሪ 2017 ኩባንያውን ሬዘር ገዛው፤ ሁለተኛ ሮቢን አልተወለደም።

ትልልቆቹም ግን በዚያው መንገድ ሄደዋል። ሳምሰንግ በ2015 ጋላክሲ ኤስ6 ላይ ካርድ ማስገቢያውን አነሣ፤ ሰው ሲያኮርፍ በ2016 መለሰው፤ በ2021 ኤስ21 ላይ እንደገና አነሣው። ጉግል በ2015 ፎቶ በትንሹ ተጨምቆ ከሆነ ያለ ገደብ በነፃ አስቀምጣለሁ ብሎ ነበር። ሰው ፎቶውን ሁሉ እዚያ አከማቸ። ከጁን 1 ቀን 2021 ጀምሮ አዲስ የሚገባው ፎቶ ከ15 ጊጋባይቱ ነፃ ቦታ ላይ መቆጠር ጀመረ፤ ሲሞላ ወርሃዊ ክፍያ። ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ኪራይ መጣ እንደማለት ነው።

ጆሮ ብቻ የሆነ ዕቃ

በኖቬምበር 2014 አማዞን ኤኮን አቀረበ። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ጥቁር ቱቦ ነው። አናቱ ላይ ሰባት ማይክራፎንና የሚበራ ቀለበት አለው። ዕቃው ራሱ በቅጡ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ስሙን። "አሌክሳ" ሲባል ይነቃና ከዚያ በኋላ የተነገረውን ወደ አዳራሹ ይልካል። መረዳቱም መመለሱም እዚያ ነው። ቤት የሚቀመጠው ጆሮና አፍ ነው፤ ጭንቅላቱ ሌላ አገር ነው።

ይህ ንድፍ የዋጋም ምክንያት አለው። ቤዞስ በ2012 ኪንድሎችን የምንሸጠው በወጪያቸው ነው፤ ትርፋችን ሰው ሲጠቀምባቸው ነው ብሎ ነበር። ጭንቅላት የሌለው ዕቃ ርካሽ ነው። ርካሽ ዕቃ በየቤቱ ይገባል። ዕቃው በር ነው፤ ገበያው ከበሩ ወዲያ ነው።

አደራ ተቀባዩ ሲሄድ

ጎረቤቱ ቤቱን ዘግቶ ቢሄድስ? ይህ በተደጋጋሚ ሆኗል። ሬቮልቭ የሚባል የቤት መብራትና ቁልፍ የሚያዝ ዕቃ ነበር፤ 300 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። የጉግሉ ኔስት በ2014 ኩባንያውን ገዛና በሜይ 2016 ሰርቨሩን አጠፋው። ዕቃው አልተሰበረም፣ አልተቃጠለም፤ ግን በአንድ ቀን ጌጥ ሆነ።

በ2024 ሂዩሜን የተባለ ኩባንያ ደረት ላይ የሚለጠፍ፣ ስክሪን የሌለው፣ ሲያናግሩት የሚመልስ ዕቃ በ699 ዶላር ሸጠ፤ ወርሃዊ ክፍያው ሌላ 24 ዶላር። ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025፣ ሰርቨሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የማይደውል፣ የማይመልስ ሆነ። ኩባንያው ያለ ኔትወርክ የሚሠሩ ነገሮች ይቀራሉ ብሎ ነበር፤ ለምሳሌ ባትሪው ስንት እንደቀረው ይነግራችኋል።

አደራውን በክብር የመለሰም አለ። ጉግል ስቴዲያ የሚባል የጌም አገልግሎት በ2019 ጀምሮ ነበር። ጌሙ የሚጫወተው ሩቅ ያለው ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ በእጅ የሚያዘው መቆጣጠሪያ ቤት ካለው ዕቃ ጋር ሳይሆን በዋይፋይ ቀጥታ ከሰርቨሩ ጋር እንዲገናኝ ተነደፈ። በጃንዋሪ 2023 አገልግሎቱ ሲዘጋ ጉግል የዕቃውንና የጌሙን ገንዘብ መለሰ፤ በዚያ ላይ መቆጣጠሪያው ውስጥ ተኝቶ የነበረውን ብሉቱዝ የሚከፍት መሣሪያ ሰጠ። መቆጣጠሪያው ዛሬም ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ይሠራል። እንደዚያ ማድረግ ይቻላል፤ የፈቃድ ጉዳይ ነው።

ጓዙ እየተመለሰ ነው?

አሁን ደግሞ ነፋሱ ትንሽ ዞሯል። አፕል በ2011 ሲሪን ሲያወጣ ድምፃችን ወደ ሰርቨር እየተላከ ነበር የሚተረጎመው። በ2021 ግን አዳዲሶቹ አይፎኖች ላይ ድምፅን መረዳት ስልኩ ውስጥ እንዲሆን ተደረገ። ጉግል በዲሴምበር 2023 ፒክስል 8 ፕሮ ላይ፣ አፕል በ2024 አይፎን 15 ፕሮና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን ስልኩ ውስጥ አስገቡ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ሩቅ ሄዶ መመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ የሰውን ሚስጥር ያጋልጣል፤ ሰርቨሩን የሚያሠራው መብራትም ወጪ አለው። ስለዚህ ስልኩ እንደገና ትልቅ ማስታወሻና ጠንካራ ቺፕ መሸከም ጀምሯል፤ ከባዱ ጥያቄ ግን አሁንም ወደ ደመናው ይሄዳል። ጉድጓዱም ቧንቧውም አብረው ይኖራሉ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ደመናውን ልንረግም አልተነሣንም። ታክሲ ውስጥ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ፎቶዎቹን አዲስ ስልክ ላይ ተመልሰው ሲያይ ያለውን ደስታ እናውቀዋለን። ድሮ ስልክ ሲጠፋ የሰው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይጠፋ ነበር፤ "ቁጥራችሁን ላኩልኝ" እያልን ወር እንለምን ነበር።

ግን እነዚህ ዕቃዎች የተነደፉት ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብለው ለሚያምኑ ሰዎች ነው። እኛ አገር ኢንተርኔት በ2017ም በ2019ም በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ተዘግቷል። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር። በትግራይ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የተዘጋው ሁለት ዓመት አልፎታል። ያን ጊዜ ደመና ላይ የተቀመጠ የእናት ፎቶ የለም ማለት ነበር። ሚሞሪ ካርድ ላይ ያለው ግን ነበረ፤ ፍላሽ ላይ የተጫነው ፊልም ነበረ። ለእንደኛ ላለ ገበያ የሚሠሩት ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ካርድ ማስገቢያቸውን ያልደፈኑት ኋላ ቀር ስለሆኑ አይመስለንም። መንገዱን ስለሚያውቁት ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን ስልክ ወይም ሌላ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ ካሜራውን ሲያሳያችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ኔትወርኩንና ዋይፋዩን አጥፉና ዕቃውን እጃችሁ ላይ ያዙት። የሚቀረውን ተመልከቱ። ከኩባንያው ጋር ብትጣሉም፣ ኩባንያው ቢሸጥም፣ መስመሩ ቢዘጋም የእናንተ የሆነው ያ የቀረው ነው። ሌላው አደራ ነው። አደራ መስጠት ነውር የለበትም፤ ግን የምትወዱትን ነገር አንድ ቅጂ ቤታችሁ አስቀሩ። የዛሬ ማታ የቤት ሥራችሁም እሱ ይሁን፤ የቤተሰባችሁን ፎቶ ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

ቸር እንሰንብት።